ጥናቱ ከወፍጮ ቤት ይጀምር

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ገና ተመርቄ ሥራ ስፈልግ፣ ለአንድ የኃይል ዘርፍ ጥናት መጠይቅ አስሞላ ነበር። ቦታው ምሥራቅ ጎጃም ነው፤ ከደጀን ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ። መጠይቁ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ስለነበር እዚያው ቆሜ እየተረጎምኩ ነው የምጠይቀው። አንድ ወፍጮ ቤት ገባሁና ባለቤቱን «ጋሼ፣ በሳምንት ስንት ጊዜ መብራት ይጠፋብዎታል?» አልኳቸው።

«መብራቱማ ይጠፋል፣ ይመጣል። ቁጭ በል ልንገርህ» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የናፍጣ ወፍጯቸውን ወደ ኤሌክትሪክ መቀየር ይፈልጋሉ፤ ናፍጣው ትርፋቸውን በልቶታል። ለዚያ ስሪ ፌዝ የሚባለው፣ ከባድ ሞተር የሚያንቀሳቅሰው የመብራት መስመር ያስፈልጋል። የሰፈሩ ትራንስፎርመር ጭነት በዝቶበታል ተባሉ፣ ጠበቁ። መስመሩ ሲፈቀድላቸው ደግሞ ለሞተሩ ብር አጡ። አበዳሪው ከተማ ውስጥ ካርታ ያለው ቤት ካላስያዙ አይሆንም አላቸው። የእርሻ መሬታቸውን ደብተር፣ የመጠቀም መብታቸውን የሚያረጋግጠውን፣ ቢያሳዩት አገላብጦ መለሰላቸው። ከዘመድ ከወዳጅ ለቃቅመው ለአንድ ነጋዴ ቀብድ ከፈሉ፤ ሞተሩ ሳይመጣ ቀረ። ከሰሱ። እኔ ስደርስ ክሱ በቀጠሮ ላይ ቀጠሮ እየተሰጠበት ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል።

«ይሄንን የት ትጽፈዋለህ?» አሉኝ በመጨረሻ።

መጠይቁን ገለጥኩት። ቦታ የለውም። «በሳምንት 3 ጊዜ» ብዬ ሞላሁና ወጣሁ። እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

የእኚህ ሰው ችግር የመብራት ነው? የብድር ነው? የፍርድ ቤት ነው? ሦስቱም ነው፣ ያውም ተቆላልፎ። አንዱን ብትፈታላቸው ሌላው እዚያው ያስቀራቸዋል። የፖሊሲ ጥናታችን ግን ሰውዬውን ሦስት ቦታ ከፋፍሎ ነው የሚያያቸው። የኃይል አጥኚው ስለ ታሪፍ ይጽፋል፣ የፋይናንስ አጥኚው ስለ ባንክ፣ የሕግ አጥኚው ስለ አዋጅ። ሦስቱ ሰነዶች አንድ ጠረጴዛ ላይ ተገናኝተው የሚነበቡበት ጊዜ እምብዛም ነው።

ለውጥ አልተደረገም እያልኩ አይደለም። በ2006 የኢነርጂ አዋጅ ወጣ፤ በዚያው ዓመት የቀድሞው የኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን ለሁለት ተከፍሎ ማመንጨቱ ለአንዱ፣ ማከፋፈሉና መሸጡ ለሌላው ተሰጠ (እኛ ዘንድ አሁንም ሁለቱም «መብራት ኃይል» ናቸው)። ታሪፉ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተወስኖ እየጨመረ ነው። የ1952ቱ የንግድ ሕግ በ2013 ተተካ። የውጭ ምንዛሪው በሐምሌ 2016 ለገበያ ተለቀቀ፣ ለውጭ ባንኮችም በር ተከፈተ። ትልልቅ ሥራዎች ናቸው፤ አብዛኞቹም መደረግ የነበረባቸው ይመስለኛል። ችግሬ እነዚህ ሁሉ አንድ ወፍጮ ቤት በር ላይ ሲደርሱ ምን እንደሚሆኑ የሚጠይቅ ሰው ማጣታችን ነው።

የመሬት ደብተሩን ነገር ልውሰድ። የአማራ ክልል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009 አርሶ አደሩ የመጠቀም መብቱን አስይዞ እንዲበደር ፈቅዷል። የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 1324/2016ም ይህንኑ በአገር ደረጃ አመጣው። ወረቀቱ ላይ በሩ ክፍት ነው። ግን ተበዳሪው መክፈል ቢያቅተውስ? ባንኩ መሬቱን መሸጥ አይችልም፣ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። በእጁ የሚገባው ለተወሰነ ዘመን የመጠቀም መብት ብቻ ነው። ታዲያ ማን ያርስለታል? እኛ አገር ጎረቤቱ በዕዳ የተነጠቀውን ማሳ ደፍሮ በሬ የሚጠምድበት ሰው ማግኘት ከባድ ነው፤ ዕድርተኛው ነው፣ ማኅበርተኛው ነው፣ የልጁ ክርስትና አባት ነው፣ ነገ ቀብር ላይ ዓይን ለዓይን ይተያያሉ። ደብተሩ ላይ ደግሞ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶ አለ። እሷ ሳትስማማ ብድር የለም፤ ትክክልም ነው፣ መሬቱ የእሷም እንጀራ ነው። እንግዲህ አበዳሪው ደብተሩን አገላብጦ የመለሰው ክፉ ስለሆነ አይመስለኝም። ብሩን በምን መንገድ እንደሚያስመልስ አልታየውም። ይህን ለማወቅ የሕግ ባለሙያውና የባንክ ባለሙያው አንድ ቀበሌ ውስጥ አብረው መክረም አለባቸው። አዋጁን ማንበብ ብቻ አይበቃም።

ሰውን ሳይጠይቁ አዋጅ ማውጣት የሚያስከትለውን ጎጃም በደም ከፍሎበታል። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲመጣ፣ ወረቀቱ ላይ ሲታይ ከሚያገኙት ገቢ ላይ ክፈሉ የሚል ነበር። ገበሬው ግን ገማችና ለካኝ ሲመጣበት የታየው ርስቱ ነው። ሊለኩት ነው፣ ከለኩት በኋላ ሊወስዱት ነው ብሎ ሞጣ ተነሣ፣ ብቸና ተነሣ። ጦር ተላከ፣ ሰው ሞተ። በመጨረሻ ጃንሆይ ጠቅላይ ገዥውን ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴን አነሡ፣ የግብር ውዝፉም ተማረ። አስቀድሞ ቁጭ ብሎ «መሬትህ ሲለካ ምን ይታሰብሃል?» ብሎ የጠየቀው ቢኖር ያ ሁሉ ባልሆነ ነበር ብዬ አምናለሁ።

የኃይል ጥናት ሲባል ደግሞ የሚታየን ግድብና ማስተላለፊያ መስመር ብቻ ሆኗል። ጢስ ዓባይ ከ1956 ጀምሮ አመነጨ፣ ጣና በለስ በ2002 በ460 ሜጋ ዋት ተጨመረ፣ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ሕዳሴ ተመረቀ። እኔም ያን ቀን አልቅሻለሁ። ግን የብዙው ጎጃሜ ምጣድ ዛሬም የሚሰማው በእንጨት ነው። አዊ ዞን፣ ፋግታ ለኮማ ወረዳ ሂዱና እዩ። ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ መጀመሪያ ከጤፍ ጋር ይተክለዋል። አራት አምስት ዓመት ጠብቆ ቆርጦ ከሰል ያከስለዋል፣ ከሰሉ እስከ አዲስ አበባ ይጫናል፣ መሬቱም አርፎ እንደገና ይታረሳል። ልጅ ሲዳር የሚሸጠው ያ ዛፍ ነው፤ ቆርቆሮ ሲገዛም እንዲሁ። ይህ ኃይል ነው፣ ቁጠባ ነው፣ ከደላላ ጋር የሚደረግ ውል ነው። ቆሞ ያለ ዛፍ የብድር መያዣ ይሁን? ደላላው ቢከዳ ገበሬው በምን ማስረጃ ይከሰዋል? እነዚህን የሚጠይቅ የኃይል ጥናት ነው የናፈቀኝ።

የቋንቋውም ነገር አለ። እኔ ያስሞላሁት ጥናት መቼም ወደዚያች ከተማ አልተመለሰም። ተጽፎ አልቆ ይሆናል፣ በእንግሊዝኛ። ሰውዬው ግማሽ ቀናቸውን ሰጡን፤ ምን እንደተባለላቸው ግን አያውቁም።

ከ2015 ክረምት ወዲህ ባለው ግጭት ወደ ገጠር መውጣት እንደከበደ አውቃለሁ። መንገዱ በተከፈተበት ቦታ ግን መጀመር ይቻላል። ደብረ ማርቆስና ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች አሉን። አንድ የሕግ፣ አንድ የኢኮኖሚክስ፣ አንድ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማሪ አንድ ላይ ይመደቡ። ከመኸር እስከ መኸር አንድ ወፍጮ ቤት ይከታተሉ፤ የመብራት ሒሳቡን፣ የናፍጣ ደረሰኙን፣ የብድር ማመልከቻውን፣ የክስ መዝገቡን አንድ ላይ ይመልከቱ። ያገኙትን በአማርኛ ይጻፉት። ወደ አዲስ አበባ ከመላኩ በፊት በገበያ ቀን ለተጠየቁት ሰዎች ይነበብላቸው፣ የተሳሳተውን እነሱ ያርሙት።

የመጀመሪያውን ወፍጮ ቤት እኔ ወስጄ አሳያቸዋለሁ። ጋሼ አሁንም በናፍጣ ነው የሚፈጩት።