አንዲት ነገር ላስቸግርህ

ጠፍቶ የከረመ ወዳጅ ድንገት «ሰላም ነው? ጠፋህ እኮ!» ብሎ ሲጽፍልኝ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን አውቀዋለሁ። ከሁለት መስመር በኋላ «አንዲት ነገር ላስቸግርህ ነበር» ይከተላል። በዚህ ሙያ ግን የዝግመተ ለውጡን ሊቅ ቻርልስ ዳርዊንን የሚያህል አላየሁም።

ሰውዬው ለንደንን ትቶ ገጠር ገባ። ሆዱን ያመዋል፤ እንግዳም ያደክመዋል። እንግሊዝ ደግሞ ከ1840 ጀምሮ ደብዳቤ በአንድ ፔኒ ታደርስ ነበር (የማወራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። በአንድ ፔኒ ሰው ማስቸገር ከተቻለ ማን ከቤቱ ይወጣል?

አሳሩን ያየው የዕጽዋት ሊቁ ጆሴፍ ሁከር ነው። ሁለቱ የተጻጻፉት 1,400 ያህል ደብዳቤ ዛሬም አለ። በጥር 1844 ገና አልተላመዱም፤ «ውድ ጌታዬ» ነው የሚባለው። ዳርዊን አንዲት ትንሽ ነገር እንዲያይለት ለመነው። ትልልቅ እንስሳ በሌሉባቸው ደሴቶች ላይ እንደ ጭጎጎት ሱፍ ላይ የሚጣበቅ ዘር አለ ወይ? ትንሿ ነገር ይቺ ናት! እዚያው ደብዳቤ ላይ ደግሞ ፍጥረታት አይለወጡም የሚለውን እምነት እየተወ መሆኑን ነገረው። ይህን ማለት ነፍስ ግድያን እንደ መናዘዝ ነው ብሎም በቅንፍ ጨመረበት። በቅንፍ! በቅጡ ለማያውቀው ሰው፣ ያውም ከጭጎጎት ቀጥሎ። ሁከር አልደነገጠም። ሐሳብዎን ብሰማ ደስ ይለኛል ብሎ መለሰ። ጨዋ እንዲህ ነው።

ሲቀራረቡ «ውድ ሁከር»፣ «ውድ ዳርዊን» ተባባሉ። ለነሱ ከአንቱ ወደ አንተ መውረድ ይሄ ነው፤ «ጆሴፍ» ብሎ ማን ደፍሮ! የሆዱም ነገር አብሮ መጣ። የኛ ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ ቢያመውም «እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ይላል። ዳርዊን ግን እንዳስመለሰው ሳይቀር ይጽፋል።

ሌሎቹንም አልማራቸውም። ዘር ከአገር አገር በምን እንደሚሻገር ማወቅ ይፈልጋልና፣ አንዱ ሊቅ ጭቃ የተጋገረበት የቆቅ እግር ላከለት። ጭቃው ሦስት ዓመት ቆይቶ ውሃ ቢያገኝ 82 ቡቃያ አወጣ።

በ1855 ከሁከር ጋር ክርክር ገጠሙ። ዘር በባሕር ውሃ ከርሞ ይበቅላል ወይስ ይሞታል? ዳርዊን ዘሩን ጨው ውሃ ውስጥ ዘፈዘፈው። ልጆቹ «ዶክተር ሁከርን ታሸንፋቸዋለህ?» እያሉ ወጥረው ያዙት። ዘሩ በቀለ። ደስታው ግን አልቆየም። ለካ አብዛኛው ዘር ይሰምጣል፤ የሰመጠ ደግሞ የትም አይሻገርም። እነዚህን ውለታ ቢሶች በጨው ያሸሁት በከንቱ ነው ብሎ ምርር አለ። ለማን? ለሁከር ነዋ።