ማስተካከያ፦ የጄሰን ኢዝበልን አልበም ስለተመለከተው ጽሑፋችን

ስለ አሜሪካዊው የአማራጭ ካንትሪ ሙዚቃ ዘፋኝና የዘፈን ደራሲ ጄሰን ኢዝበል «ፎክስስ ኢን ዘ ስኖው» አልበም ቀደም ሲል ባቀረብነው ጽሑፍ፣ ሥራው ከባንዱ ከ«ዘ 400 ዩኒት» ጋር እንደተቀረጸና አንዳንድ አድማጮችም የባንዱ አጨዋወት ቀዝቅዟል ብለው ቅር እንደተሰኙ መግለጻችን ስህተት ነበር። የካቲት 28 ቀን 2017 ዓ.ም. የወጣው ይህ አልበም፣ ኢዝበል በኒውዮርኩ ኤሌክትሪክ ሌዲ ስቱዲዮ በ5 ቀናት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1940 በተሠራ አንድ የማርቲን ኩባንያ ጊታር ብቻ ታጅቦ የቀረጸው ነው፤ ከበሮም ቤዝም የለበትም። የአንዳንዶች ቅሬታ ባንዱ ደከመ ሳይሆን ባንዱ ናፈቀን የሚል ነው፤ ሌሎች ደግሞ ድምፁ አጠገባቸው ተቀምጦ የሚያወጋቸው ያህል ቀርቧቸው፣ ግጥሞቹን ከትዳሩ መፍረስ ጋር አያይዘው አድምጠዋቸዋል። የአድማጮችን ስሜት አዛብተን በማቅረባችን ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን።