ክርክር፦ የባድሜንተን ተጫዋች ጉልበት ከብረት ነው ወይስ ከሜዳ?

ጅማ ላይ ባድሜንተን የሚጫወት ወጣት ለውድድር ሲዘጋጅ ሁለት ወር ብረት ቢገፋ ይሻለዋል ወይስ እዚያው ሜዳ ላይ እየሠራ ቢጠነክር? ቀድሞ የሚናገረው የጂም አሰልጣኝ ነው፤ የሚመልሱለት በዕድሜ የሚበልጡት የሜዳ አሰልጣኝ ናቸው።

የጂም አሰልጣኙ፦ ጋሼ፣ ከእግር ልጀምር። ተጫዋቹ መረብ ሥር ያለች ሻትል (በራኬት የምትመታዋን ላባ መሰል ኳስ) ለማንሳት አንድ እግሩን ዘርግቶ ሲያርፍ፣ መላ ክብደቱን የሚያቆመው የፊት ጭኑ ነው። ጭኑ ካልቻለ ሸክሙ ጅማቱ ላይ ያርፋል፤ ከጉልበት ሎሚ በታች የሚሰማው ሕመም ከዚያ ይመጣል። ሲሚንቶ ላይ ሲሆን ይብሳል፣ እንደ እንጨት ወለል ምቱን አያለዝብም።

ስለዚህ ስምንት ሳምንት፣ በሳምንት ሁለት ቀን። የኋላ እግርን አግዳሚ ወንበር ላይ አድርጎ በአንድ እግር ቁጭ ብድግ፦ በየእግሩ 3 ዙር፣ 8 ጊዜ። መውረዱ 3 ሰከንድ ይፍጅ፤ ጥቅሙ ያለው እዚያ ነው። ለባትና ለተረከዝ ጅማት ደረጃ ጫፍ ላይ ቆሞ በአንድ እግር ተረከዝን ማንሳትና ቀስ ብሎ ማውረድ፣ 3 ዙር 12 ጊዜ። ለትከሻ ላስቲክ፦ ክርን ከጎን ሳይለቅ በ90 ዲግሪ ታጥፎ ክንድን ወደ ውጭ መሳብ፣ 2 ዙር 15 ጊዜ። ራኬት 100 ግራም አይሞላም፤ ትከሻን የሚያደክመው ከስማሽ፣ ማለትም ከላይ ወደ ታች ከሚመታው ኃይለኛ ምት፣ በኋላ የተወነጨፈውን ክንድ ማቆሙ ነው። ደግሞስ ክረምቱ ሜዳውን ሲያረጥበው ምን ልንሠራ ነው?

የሜዳ አሰልጣኙ፦ ላስቲኩ ይሁን፣ አልከራከርህም። ያልተዋጠልኝ ሁለቱ ወር ነው። የዚህ ጨዋታ ፍጥነት ባላጋራህ ሲመታ ትንሽ ነጠር ብለህ በሁለት እግርህ አርፈህ ወደምትፈልገው አቅጣጫ መፈናጠር ነው። ይህን ብረት አያስተምርም። ሁለት ወር ጂም የከረመ ልጅ ጭኑ ወፍሮ እግሩ ዘግይቶ ይመለስልሃል።

ያለ ሻትል ስድስቱን ማዕዘን አሠራው፦ ፊት፣ ጎን፣ ኋላ፣ በግራም በቀኝም፣ ከእያንዳንዱ ወደ መሃል እየተመለሰ። 20 ሰከንድ ሥራ፣ 40 ሰከንድ እረፍት፣ 10 ጊዜ። ሲለምደው እረፍቱን ወደ 30 አውርደው። ጉልበቱ ወደ ውስጥ ሲወድቅ ካየህ የዕለቱ ሥራ እዚያ ያብቃ። የነጠላ ግማሽ ሜዳ 6.70 በ5.18 ሜትር ነው፤ ዝናብ ከመጣ አንድ አዳራሽ ይበቃል። የሩጫ ጫማ ግን አታስደርገው፤ ተረከዙ ከፍ ስለሚል ወደ ጎን ሲዞር ቁርጭምጭሚቱን ይጥለዋል።

ሌላም አለ፣ ማንም ከጡንቻ ጋር አያያይዘውም። ከተማችን ከ1,700 ሜትር ከፍታ በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሻትል ይርቃል። ፈጣኑን፣ ቀይ ቀለበት ያለውን የፕላስቲክ ሻትል ስትሰጠው ልጁ ከሜዳ እንዳይወጣበት ምቱን ያሳጥራል። ሙሉ ምት ካልመታ ትከሻው ከየት ይጠንክር? አረንጓዴ ቀለበት ያለውን ግዛ። መፈተኛው፦ ከኋላ መስመር ላይ ሆነህ ከታች ወደ ላይ በሙሉ ኃይል ስትመታት፣ ከወዲያኛው የኋላ መስመር ከ53 እስከ 99 ሴንቲ ሜትር ስትቀር መውደቅ አለባት።

የጂም አሰልጣኙ፦ ስለ ሻትሏ ልክ ነዎት። «ወፍሮ» ያሉት ግን አይሆንም፤ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በዚህ መጠን፣ ማንም ያን ያህል አይወፍርም። የሚዘገየው ሜዳውን የተወ ነው፣ እኔ ደግሞ ተው አላልኩም። ጉልበቱ ወደ ውስጥ የሚወድቀውም ብዙውን ጊዜ የዳሌው የጎን ጡንቻ ስለሚደክም ነው። ማቆሙ ጥሩ፤ ግን ነገስ? ከጉልበቱ በላይ ላስቲክ አስሮ ወደ ጎን 12 እርምጃ ይሂድ፣ ወደ ሌላውም 12፣ ሁለት ዙር። ይልቅ ሁለታችንም ልንቃወመው የሚገባው በየማለዳው 10 ኪሎ ሜትር ማስሮጡን ነው። የሯጭ አገር ስለሆንን ሁሉን በሩጫ ልንፈታ እንሞክራለን።

የሜዳ አሰልጣኙ፦ ሩጫው ላይ ተስማማን። የ13 ዓመቱን ልጅ ግን ብረት አታስነካብኝ።

የጂም አሰልጣኙ፦ ብረት ቁመት ያስቀራል የሚባለው እውነት አይደለም፤ አደጋው ተመልካች የሌለው ልጅ አቅሙን ሊፈትን ሲል ነው። በመጥረጊያ እንጨት አቋሙን ይማር፣ አሥር ጊዜ ሳይዛነፍ ሲሠራ ክብደት ይጨመርለት።

የሜዳ አሰልጣኙ፦ እንጨቱን እቀበላለሁ። ብረቱና ሜዳው አንድ ቀን ከዋሉ ግን ሜዳው ይቅደም፣ ለውድድር ሁለት ቀን ሲቀር ደግሞ የእግር ብረት አይነካም። ስምንቱን ሳምንት አሁንም አልቀበልም። በሳምንት አንድ ቀን፣ ግን ዓመቱን ሙሉ በለኝና እንነጋገር።