«ወፍራሙን ስጠኝ»

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ዓመት በባተ ቁጥር አራት ኪሎና ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ያሉ መጽሐፍ አዟሪዎች ዘንድ «ወፍራሙን ስጠኝ» ባይ ይጎርፋል። አንድ ወፍራም መጽሐፍ በቀን አንድ ምዕራፍ እያሉ በዓመት የሚጨርሱበት የንባብ ቻሌንጅ ተጀምሯላ! ከማንበብ ድካም የገላገሉን ወገኖች ናቸውና ምስጋና ይገባቸዋል።

አመራረጣቸው ጥበብ አለው። የመጽሐፉን ጀርባ በጣት ይለካሉ፤ አራት ጣት ካልሞላ ከማኪያቶ ጎን ፎቶ ላይ አይታይም። መጽሐፉ አጥሮ የተተረጎመ ከሆነ የምዕራፍ ቁጥሩ አይገጥምም፣ ዕቅዱም ይፋለሳል፤ ይህን መጠየቅ ግን የተራ አንባቢ ወግ ነው።

የፈረንሳዊውን ደራሲ የቪክቶር ሁጎን «ሌ ሚዜራብል» የመረጠውን እንይ። መጽሐፉ 365 ምዕራፍ ስላለው በቀን አንድ እያሉ መስከረም 1 ቢጀምሩት ጳጉሜን 5 ያልቃል። እንዴት ያለ ሒሳብ! ብቻ ሁጎ የመጀመሪያዎቹን 14 ምዕራፎች ለአንድ ደግ ጳጳስ ሰጥቷቸዋል፤ ዣን ቫልዣን ብቅ የሚለው መስከረም 15፣ በደመራ ዋዜማ ነው። የእኛ ሰው ደግሞ መስከረም 10 ላይ አቁሟል። ዋናውን ባለታሪክ ሳይተዋወቀው «ሕይወቴን የለወጠ መጽሐፍ» ብሎ መለጠፍ የሚችል ስንቱ ነው? እልኸኛውን ደግሞ ኅዳር 11 ዋተርሎ ይጠብቀዋል፤ 19 ምዕራፍ ሙሉ ናፖሊዮን የተሸነፈበት የ1815ቱ ጦርነት። ከልቦለዱ ዋና ዋና ሰዎች ክፉው ቴናርዲዬ ብቻ፣ እሱም መጨረሻ ላይ፣ ሬሳ ሊገፍ ይመጣል። የነቢያት ጾም የገባው እዚህ መሐል ነው፤ ብዙው አንባቢ መጽሐፉንም አብሮ ይጾማል።

የሩሲያዊው የቶልስቶይ «ጦርነትና ሰላም» 361 ምዕራፍ ነው፤ ጳጉሜን 1 ያልቅና ለጉራ አራት ቀን ይተርፋል። እዚህ የሚያሰናክለው ስም ነው። ፒየር፣ ፒዮትር ኪሪሎቪች፣ ካውንት ቤዙኮቭ አንድ ሰው ናቸው። ሰውን ከነአባቱ ስም ስንጠራ ለኖርን ለእኛ ይህ ምን ይከብዳል? በወረቀት ቁራጭ ስሞቹን ጽፎ ገጹ መሐል መሸጎጥ ይበቃ ነበር፤ ግን ወረቀቱ ፎቶ ያበላሻል።

ብልጡ ከአገር ሳይወጣ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ይመርጣል። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ስለተረከው ገጽ ሳይገልጡም ፊታውራሪ መሸሻን ማውራት ይቻላል።

ነሐሴ ላይ መጽሐፉ ወደ አዟሪው ይመለሳል። አዟሪው አይገልጠውም፤ ጠርዙን ያያል። እስከ አርባኛው ገጽ ገደማ በአውራ ጣት ወዝ ጠቁሯል፣ ከዚያ ወዲያ ነጭ። «አልተነካም» ብሎ በግማሽ ዋጋ ይገዛና ለመስከረም በአዲስ ዋጋ ይደረድረዋል።