የ1997ቱን በርሰርክ «ዝለሉት» የሚሉ ሰዎች ምን እያስዘለሉን ነው?

ሰሞኑን በአኒሜ (በጃፓን አኒሜሽን) ወዳጆች መካከል የሚዘዋወረው «በርሰርክን በየትኛው ቅደም ተከተል እንየው» የሚል ምክር በሦስት መስመር ያልቃል። በ2022 በወጣው የመታሰቢያ እትም ጀምሩ፤ ከዚያ ለቀጣዩ ታሪክ ግድ ነውና ወደ 2016ቱ ተከታታይ ተሻገሩ፤ የ1997ቱ አርጅቷልና ዝለሉት። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይህን ምክር ሰምቶ የሚከተል አዲስ ተመልካች በርሰርክ ከተባለው የኬንታሮ ሚዩራ ማንጋ (የጃፓን የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ) ወደ ስክሪን ከተሻገሩት ሥራዎች ምርጡን ሳያይ ይቀራል፤ መጥፎውን ግን ከዳር እስከ ዳር ይጨርሰዋል። እንዲህ ያለ ምክር እንደ ቁም ነገር ከአፍ ወደ አፍ መተላለፉ ያሳዝናል፤ ያናድዳልም።

ከምክሩ ጋር አብሮ የሚሰጠው ማስረጃ «የመታሰቢያው እትም የ1997ቱ ያለው ሁሉ አለው፤ ሥዕሉ ደግሞ ይበልጣል» የሚል ነው። ቆጥሮ ማየት ብቻ ይበቃል። የ1997ቱ 25 ክፍል ነው። የመታሰቢያው እትም 13። የአንዱ ክፍል ርዝመት እኩል ነው። የሚተርኩትም ያንኑ ወርቃማው ዘመን የተባለውን የማንጋ ምዕራፍ ነው፦ ሰይፈኛው ጋትስ በግሪፊት የሚመራውን የቅጥር ተዋጊዎች ቡድን፣ የጭልፊት ጭፍራን፣ ከተቀላቀለበት ጊዜ አንስቶ ግሪፊት ጭፍራውን እስከሚሠዋበት እስከ ግርዶሹ ድረስ። ያንኑ ታሪክ በግማሽ ጊዜ የሚተርክ ሥራ «ሁሉም አለው» ሲባል፣ ተናጋሪው ሁለቱን ጎን ለጎን አላያቸውም ማለት ነው።

የመታሰቢያው እትም በአዲስ መልክ የተሠራ ተከታታይ እንዳልሆነም ይታወቅ። ስቱዲዮ ፎር ሲ በዳይሬክተር ቶሺዩኪ ኩቦካ መሪነት በ2012ና በ2013 ያወጣቸው ሦስት ፊልሞች ተቆራርጠው፣ ጥቂት ትዕይንት ተጨምሮባቸው ለቴሌቪዥን የቀረቡበት ነው። ከጭማሪዎቹ ሁሉ በጣም የተወራለት ጋትስና የጭፍራው ሴት አዛዥ ካስካ ከኮረብታ ላይ ሆነው የጭፍራውን የሌሊት እሳቶች ቁልቁል የሚያዩበት ትዕይንት ነው። እያንዳንዱ እሳት የአንድ ተዋጊ ሕልም ነው ይላል ጋትስ፤ የራሱ እሳት ግን የለውም። ፊልሞቹ ይህን ትዕይንት ቆርጠው ጥለውት ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ መልሰው ሲያስገቡት እንደ ትልቅ ስጦታ ተቆጠረ። የ1997ቱ ግን «የሕልም እሳት» ብሎ 14ኛ ክፍሉን በሙሉ በዚሁ ስም ሰይሞ ከ20 ዓመት በላይ አስቀድሞ ሠርቶታል። አዲሱ ከአሮጌው ጓሮ ያመጣውን እያሳዩ አሮጌውን ዝለሉ ማለት ያስተዛዝባል።

የንግሥቲቱ ጉዳይም አለ። ፊልሞቹ ጨርሶ አውጥተውታል። በ1997ቱ ግን የሚድላንድ ንግሥትና ተባባሪዎቿ ግሪፊትን በመርዝ ሊገድሉት ያሴራሉ፤ እሱ የሞተ መስሎ ያታልላቸውና በ18ኛው ክፍል በእሳት ያስጨርሳቸዋል። ሥራውን ለመፈጸም የተቀጠሩትንም በጋትስ እጅ ያስወግዳል። ከዚያ በኋላ ዞር ብሎ ጨካኝ ሆኜ ታየሁህ ወይ ብሎ ጋትስን ይጠይቀዋል። ይህን ጥያቄ ከጋትስ በቀር ለማንም አያቀርብም። ግሪፊት በዓለም ላይ የማንን ፍርድ እንደሚፈልግ ተመልካቹ የሚያውቀው በዚህች ቅጽበት ነው፤ ጋትስ ከዚያ በኋላ ሲሄድ የግሪፊት አእምሮ ለምን እንደሚፈርስም የሚገባው በዚችው ነው። ፊልሞቹ ይህን ቆርጠው ሲያበቁ ውድቀቱን ብቻ አስቀሩት። እዚያ ላይ ግሪፊት ወዳጁ ጥሎት ስለሄደ ያኮረፈ መልከ መልካም ልጅ ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም።

በርሰርክን በርሰርክ የሚያደርገው ጊዜ ነው፤ ጭራቆቹና ደሙ ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው። ግርዶሹ የሚያመው ግሪፊት የሚሠዋቸውን ሰዎች በስማቸው፣ በጠባያቸው፣ በምሬታቸውና በቀልዳቸው ስለምናውቃቸው ነው። ለዚህ ሰዓታት ያስፈልጋሉ። የጭፍራው አባል ጁዶ በሁሉ ነገር ጎበዝ፣ በምንም ግን አንደኛ ያልሆነ፣ ካስካን እየወደደ ከጋትስ ጋር የሚያቀራርብ ሰው መሆኑን ለማወቅ አንድ ጊዜ ቢላዋ ሲወረውር ማየት አይበቃም። አጠገባቸው ቆሞ ዝም ሲል ደጋግመን ልናየው ይገባል። በግርዶሹ ውስጥ ካስካን ሊያድን ሲሞት በልቡ የያዘውን ሳይናገር መቅረቱ ከዚያ በኋላ ነው ጉሮሮ የሚዘጋው። ኮርከስ ጋትስን የሚጠላው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው፤ ጥላቻው ቀስ በቀስ ወደ መራራ ቅናት ሲለወጥ በ1997ቱ ሂደቱን እያየን እንከተለዋለን። በፊልሞቹ ኮርከስ ጥግ ላይ ቆሞ የሚነጫነጭ ሰው ነው። ፒፒንማ ከግዙፍ ገላው በቀር ምን ቀረለት?

ዋናው ነገር ከሆነው ከጋትስ መለየት አንጻርም እንየው። ጋትስ በ9ኛው ክፍል የንጉሡን ወንድም ጁሊየስን በግሪፊት ትእዛዝ ይገድላል፤ ሳያስበውም ትንሹን ልጅ አዶኒስን ይወጋዋል። ወዲያው ቀጥሎ ግሪፊት ለልዕልት ሻርሎት ስለ ወዳጅ ሲናገር ይሰማዋል፦ ወዳጅ የሚለው የራሱን ሕልም የሚከተልና ከእሱ ጋር እኩል የሚቆም ሰውን ነው። ልጅ ገድሎ በመጣ ማግስት እንዲህ ያለ ቃል መስማት ጋትስን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ጭፍራውን ጥሎ የሚሄደው ግን በ19ኛው ክፍል ነው። በመካከሉ የመቶውን ሰው ውጊያ፣ ከካስካ ጋር በዋሻ ያደረውን ሌሊት፣ እሳቶቹን፣ የዶልድሬ ምሽግን ድል፣ የንግሥቲቱን መጥፋት እናያለን። ውሳኔው በሰውየው ውስጥ ሲበስል ወደ አሥር ክፍል ይወስዳል። ስለዚህ በበረዶው ላይ ሰይፍ ሲማዘዙ ተመልካቹ ሁለቱንም ይረዳል፤ ለማን እንደሚያዝን ይቸገራል። በፊልሞቹ የግሪፊት ንግግር የአንደኛው ፊልም መዝጊያ ነው፤ መለያየቱ በሁለተኛው ፊልም ውስጥ ይመጣል። በመካከሉ ያለው አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ አብዛኛው ደግሞ ጦርነት። ጋትስ ሲሄድ ለምን እንደሄደ በቃል ይነገረናል እንጂ በሆዳችን አይገባንም። ይህን ጉድለት የተሻለ ሥዕል አይሞላውም፤ የተሻለ ሙዚቃም አይሞላውም።

«የ1997ቱ ሥዕል አይንቀሳቀስም» ለሚለውም መልስ አለ። እውነት ነው፤ ናኦሂቶ ታካሃሺና ስቱዲዮው ኦኤልኤም ለእኩለ ሌሊት ቴሌቪዥን የሠሩት ሥራ ነው፤ በውጊያ ላይ የቆመ ሥዕል ያሳያሉ፣ ካሜራውን በላዩ ላይ ያንሸራትታሉ፣ አንዱን ምስል ይደጋግማሉ። ግን የቆመው ሥዕል ምን እንደሆነ ይታይ። የዳራ ሥዕሎቹን የመራው ሺቺሮ ኮባያሺ ነው፤ ሰማዩ፣ ድንጋዩና ጭጋጉ በብሩሽ የተሣሉ ናቸው። የዮሺሂኮ ኡማኮሺ ገጸ ባሕርያት ፊታቸው ከባድ፣ ዓይናቸው የደከመ ነው። ሰይፉ ሲያርፍ ምስሉ ይቆማል፤ በዚያ ቅጽበት ክብደቱ ይሰማል። በላዩ ላይ የሱሱሙ ሂራሳዋ ሙዚቃ ሲገባ ደግሞ ያ ዓለም ራሱ የሚተነፍስ ይመስላል።

ፊልሞቹ በአንጻሩ ሠራዊቱን በኮምፒውተር ስሪዲ ሞልተውታል፤ የመታሰቢያው እትምም ያንኑ ምስል ወርሷል። ስህተቱ የት እንዳለ የሙያው ሰዎች ያውቁታል። አንድ ሰከንድ 24 ፍሬም ነው። በእጅ የሚሣል የጃፓን አኒሜ አብዛኛውን ጊዜ አንዱን ሥዕል ለ2 ወይም ለ3 ፍሬም ይይዘዋል፤ ስለዚህ በሰከንድ 12 ወይም 8 ሥዕል ይሆናል። ዓይን ይህን ለምዶታል። ስሪዲ አካል በ24ቱም ፍሬም ሲንቀሳቀስ ክብደት አጥቶ ይንሳፈፋል። በ8 ሲያዝ ደግሞ ካሜራው በ24 እየዞረ ሰውየው በ8 ስለሚዘል ይንገጫገጫል። የቅርብ ፊት በእጅ ተሥሎ ሰፊው ትዕይንት በስሪዲ ሲሆን፣ ያው ሰው በሁለት የተለያየ አካል ሲመላለስ እናያለን።

የ2016ቱ ይህን በሽታ ወረርሽኝ አድርጎታል። ዳይሬክተሩ ሺን ኢታጋኪ፣ ሠሪዎቹ ጌምባና ሚልፓንሴ ናቸው፤ በ2016ና በ2017 አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ክፍል ወጣ። የሚዩራን የብዕር ጭረት ለመምሰል ስሪዲ አካሎቹ ላይ ጭረት ለጠፉባቸው። በማንጋው ጭረት ጥላ ነው፤ ብርሃኑ ከየት እንደመጣ የሚነግረን እሱ ነው። ገላ ላይ የተለጠፈ ጭረት ግን ሰውየው ሲዞር አብሮት ይዞራል፣ ብርሃኑ ሲለወጥ ባለበት ይቀራል፤ ፊቱ የቆሸሸ ብቻ ይመስላል። ካሜራው ደግሞ ስለቻለ ብቻ ይሽከረከራል። በስሪዲ ካሜራ ማዞር አዲስ ሥዕል አያስፈልገውም፣ ስለዚህ ማንም «ለምን?» ብሎ አይጠይቅም። የጋትስ ሰይፍ ሥጋ ቢቆርጥም ብረት ቢመታም ያው አንድ ድምፅ ነው የሚያሰማው፤ የድስት ክዳን ወለል ላይ የወደቀ ያህል። ከሰው የሚረዝም፣ ብረት የተጫነበት ሰይፍ ክብደቱ በእንቅስቃሴውም በድምፁም ካልታየ የጥቁሩ ሰይፈኛ ታሪክ ምን ይቀረዋል?

ከሥዕሉ የከፋው የዘለለው ታሪክ ነው። የጠፉት ልጆች የተባለውን ምዕራፍ፣ የሮዚንንና የጂልን ታሪክ፣ ትቶት ወደ ፋርኔዜና ወደ ቅጣቱ ግንብ ሮጧል። ጋትስ ከግርዶሹ በኋላ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ፣ ሕፃናት ፊት ቆሞ በሰይፉ ምን እንደሚያደርግ የምናየው እዚያ ነው። ያ ሳይኖር ቀጥሎ ለካስካ ሲል የሚመርጠው ምርጫ ሥር የለውም። «ለቀጣዩ ታሪክ ግድ ነው» የሚለው የምክሩ ክፍል የሚፈርሰውም በዚሁ ነው፤ ቀጣዩን ታሪክ ጎምዶ የሚያቀርብ ሥራ ግድ ሊሆን አይችልም።

ለ1997ቱ የሚቀርበው አንድ ተገቢ ወቀሳ፣ ጋትስን ከግርዶሹ የሚያወጣው አፅመ ፈረሰኛው የለም የሚለው ነው። የለም፤ ስለዚህ ጋትስ ከግርዶሹ እንዴት እንደወጣ አይታይም። ተከታታዩ በጨለማው መካከል ያቆማል። ግን የመጀመሪያው ክፍል ጋትስን ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ በብረት ክንዱና በግዙፉ ሰይፉ፣ ብቻውን አሳይቶናል። መትረፉን ከጅምሩ እናውቃለን፤ መጨረሻው ወደዚያ ይመልሰናል። የሦስተኛው ፊልም ግርዶሽ በስፋትና በቀለም እንደሚበልጥ አልክድም። ይኸው ፊልም ግን በካስካ ላይ የሚፈጸመውን ጥቃት ከሚገባው በላይ ያራዝመዋል፤ ካሜራውም ሕመሟን ትቶ ገላዋን ይከተላል። ይህን ማንም «የተሻለ» ሊለው አይገባም።

ስለዚህ አዲስ ተመልካች እንዲህ ቢያይ ይሻለዋል። ታሪኩ ለአዋቂ ብቻ መሆኑን አስቀድሞ ይወቅ፤ የወሲብ ጥቃትና የሕፃናት ሞት አለበት። የ1997ቱን ከ1ኛው እስከ 25ኛው በተርታ ይይ፤ 1ኛውን እንዳይዘል፣ ሲጨርስም ተመልሶ ያንኑ ይድገመው። የግርዶሹን ማግስት በስክሪን ማየት ከፈለገ የሦስተኛውን ፊልም የመጨረሻ ክፍል ይመልከት፤ አፅመ ፈረሰኛውን እዚያ ያገኘዋል። የመታሰቢያውን እትም የወደደ በኋላ ይየው። የ2016ቱን ይተወው። ከዚያ ማንጋውን ከ14ኛው ቅጽ ይጀምር፤ ወርቃማው ዘመን የሚያልቀው እዚያ ነው፣ ስክሪን ያልደፈረው የሮዚንና የጂል ታሪክም የሚጀምረው እዚያው ነው።