ትንሽ ዝቅ በልልኝ

ጓደኛዬ ቀለበቷን ልትሸጠው አስባ ፎቶ አንሳልኝ አለችኝ፣ እኔም ምላሴ ቀደመኝና "ሁለት ደቂቃ ነው" አልኳት። ቤት ውስጥ ትራይፖድ (ባለ ሶስት እግር የካሜራ ማቆሚያ) ያለው ሰው ስለዚች ሁለት ደቂቃ ብዙ ማስረዳት አያስፈልገውም።

ትናንሽ ነገሮችን ተጠግቶ የሚያነሳውን ማክሮ ሌንስ ገጠምኩ፣ ትራይፖዱን ዘረጋሁ፣ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ወረቀት አነጠፍኩ፣ እስከዚህ ሁሉም ሰላም ነው። ስክሪኑን ሳይ ግን የጠረጴዛው የወዲያኛው ጠርዝ በፈርጡ መሃል ልክ እንደ ቢላ አልፏል። ካሜራው 2 ሚሊሜትር ዝቅ ቢል በቃ ተገላገልን። 2 ሚሊሜትር ምን አላት እንዳትሉኝ፣ እንዲህ ተጠግተህ ስታነሳ ቀለበቱ ሴንሰሩ (ምስሉን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) ላይ የሚያርፈው በራሱ ልክ ነው፣ የሴንሰሬ ቁመት ደሞ 24 ሚሊሜትር ነው፣ ስለዚህ 2 ሚሊሜትር ማለት የፎቶው ቁመት አንድ አስራ ሁለተኛ ነው። የሌንሱን ቀዳዳ ወደ ኤፍ 8 አጥብበህ እንኳን ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት 1 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ ካሜራው ሲወርድ ለአመል ያህል ሸርተት ካለ ፎከሱም ሄደ ማለት ነው።

ካሜራውን የተሸከመውን የትራይፖዱን መሃለኛ ዘንግ የያዘውን ብሎን ላላ አደረግኩት። ምንም የለም። ትንሽ ጨመርኩለት፣ አሁንም ምንም። ትንሽ ስጨምርለት ካሜራው ከነክብደቱ ዷ ብሎ ሶስት ሴንቲሜትር ወረደ። መልሼ ከፍ አድርጌ በአንድ እጄ ደግፌ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ ልክ ቦታው ላይ አገኘሁትና አጠበቅኩት፣ ሳጠብቀው እሱ ደሞ ቀና አለ! እንዲህ አይነት ሰው ሁላችንም ዘመድ ውስጥ አለን፣ ድምፅህን ትንሽ ቀንስ ስትለው ወይ ጭራሽ ያኮርፋል ወይ ይብስበታል፣ መሃል የሚባል ነገር አልፈጠረበትም።

ከዛ እግሮቹ ላይ ዘመትኩ። አንዱን እግር ብቻ ብታሳጥረው ካሜራው የሚወርደው የዛን ሲሶ እንኳ ቢሞላ ነው፣ በዛ ላይ ያጋድላል፣ እሱን ላቃና ስል ሁለተኛው ረዘመ፣ ሁለተኛውን ሳስተካክል ሶስተኛው አኮረፈ። ሶስት ወንድማማቾች ውርስ ሲካፈሉ በሉት። እግሮቹን ትንሽ ወደ ውጭ ብከፍታቸውስ ብዬ ሞከርኩ፣ የሚገርመው እሱ ጥሩ ሰርቶ ነበር፣ ችግሩ ቀለበቱ ከፍሬሙ ወጥቶ ነጭ ወረቀት ብቻ ቀረኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄኔ ነው። (ዘንጉ ጥርስ ያለውና በመዘውር ቀስ እያለ የሚወርድ ትራይፖድ እንዳለ አውቃለሁ። ልገዛ ስል "ይከብዳል" ብዬ ንቄ የተውኩት እሱን ነው።)

ጓደኛዬ መጀመሪያ አጠገቤ ቆማ ነበር፣ ቀጥሎ ተቀመጠች፣ ቀጥሎ ልብስ ልታጥፍ ሄደች። በመሃል ብቅ ብላ "ሁለቱ ደቂቃ እንዴት ነው?" ትለኛለች።

ልጇ የቤት ስራዋን ትታ ስታየኝ ቆይታ "ጋሼ፣ ምን ፈልገህ ነው?" አለችኝ።

"ካሜራው በጣም ትንሽ ዝቅ እንዲል።"

"ቀለበቱ ለምን ከፍ አይልም?"

መልስ አልነበረኝም። ልጅቷ ደብተሯን ከነጩ ወረቀት ስር አስገባች፣ በዛ፣ አወጣችው። ከዛ ከኋላው ባዶ ቅጠሎች ቀደደችና አንድ በአንድ ታስገባ ጀመር። አንድ ተራ ወረቀት ውፍረቱ የሚሊሜትር አንድ አስረኛ ገደማ ነው፣ ማለትም እኔ በሁለት እጅና በሶስት እግር ያቃተኝን ነገር እሷ በአስረኛ እየከፈለች ትሰራዋለች። "ጋሼ፣ ልጨምር?" "ጨምሪ።" "አሁንስ?" "አንድ ቅጠል ብቻ።" አስራ ዘጠነኛው ላይ ጠርዙ ከፈርጡ ስር ሾልኮ ወረደና አነሳሁት።

እናትየው መጥታ አየችው፣ ወደደችው፣ "በዛው ጉትቻዬንም አንሳልኝ፣ ሁለት ደቂቃ ነው" አለች። እኔም በልማድ እጄን ወደ ብሎኑ ስሰነዝር ልጅቷ ከወንበሯ ዘላ ተነሳች፣

"ጋሼ! እሱን እንዳትነካው!"