«ላም» ስንል ቃሉ የቱ ነው?
ስለ ጥንታዊው የሕንድ ሰዋስው ያወጣችሁት ጽሑፍ የሳንስክሪት ሰዋስው ሊቁን ፓኒኒንና ወደ 4,000 የሚጠጉ አጫጭር ደንቦቹን በደንብ አስተዋውቆናል። አመሰግናለሁ። የትርጉምን ነገር በአንድ መስመር ማለፉ ግን ቆጨኝ። የፓኒኒን ሰዋስው ያብራራው ፓታንጃሊ እኮ ትልቁን ማብራሪያውን ሲጀምር የጠየቀው ይህንኑ ነው፦ «ጋውህ»፣ ማለትም ላም ስንል፣ ቃሉ የቱ ነው? አካሏ ነው? ቀለሟ? አይደለም። ሲነገር ላሟን ከነጅራቷ፣ ከነሻኛዋ፣ ከነሰኮናዋ፣ ከነቀንዷ የሚያሳውቀን ነው ቃሉ። እንዴት ደስ ይላል!

ከእሱ በኋላ የመጣው የቋንቋ ፈላስፋ ባርትሪሃሪ ደግሞ ከዚህም ገፋ አድርጎታል። ድምፆቹ ተራ በተራ ይጠፋሉ፤ ትርጉሙ ግን ባንዴ ቦግ ይላል። ለእሱ ዋናው ዓረፍተ ነገሩ ነው፤ ቃላት ለትምህርት ሲባል የምንቆራርጣቸው ናቸው። እኔም የማምነው ይህንን ነው። ሌላው የሕንድ ፈላስፋ ኩማሪላ ይህን ሐሳብ እንዴት እንደተቃወመ በሚቀጥለው ጽሑፍ ብታመጡልን ደስ ይለኛል።